የማይሬ መቀርቀሪያ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም። ማመን የማትፈልጉ አሁኑኑ እለፉት፤ እናንተን የምለማመጥበት ጊዜ የለኝም።

የጀመረው በኅዳር ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ቀን ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። እዚህ ሰሜን ፊንላንድ፣ ባሕሩ ዳር፣ ኅዳር ሲገባ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ ነው። ሰው ከሥራ የሚወጣው በመንገድ መብራት ነው።

ከተማዋን አልጠራም። ትንሽ ናት፤ ከጠራኋት ታገኙኛላችሁ። እናንተ ብቻ ብትሆኑ ግድ አልነበረኝም...

ስሜ ሂልካ ነው። የምሠራው በፓተንት መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ፣ ንባብ ክፍሉ ውስጥ ነው። ሥራዬን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ቀሪው አይገባችሁም።

አንድ ሰው አዲስ ነገር ሲፈጥር ለመሥሪያ ቤታችን ያመለክታል። ሌላ ሰው እንዳይሠራበት መንግሥት ይጠብቅለታል። እሱ ደግሞ በምላሹ እንዴት እንደሠራው አንድም ሳይደብቅ፣ ከነሥዕሉ ይናገራል። ማመልከቻው ዓመት ከመንፈቅ በምሥጢር ይቆያል። ከዚያ አንድ አርብ ጠዋት ይታተማል፤ ለሌሎች አገሮችም ይላካል።

ከዚያች ጠዋት ጀምሮ የሁሉም ሰው ነው። ማንም መጥቶ አሳዪኝ ቢለኝ አሳየዋለሁ። ለምን ፈለግኸው ብዬ አልጠይቅም። መጠየቅም አይፈቀድልኝም።

ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ።

ወደኔ የሚመጡት መሐንዲሶች ናቸው፤ ተማሪዎች ናቸው፤ በውኃ የሚሄድ መኪና ሠራሁ የሚሉ ጡረተኞች ናቸው። ከሁሉም ጋር እጣላለሁ። ጠባዬ ነው፤ አሁን አይለወጥም።

ያን ቀን ከመስታወቱ በር ማዶ አንድ ሰውዬ ቆሞ አየሁ።

በራችን ሰው ሲቀርበው በራሱ የሚከፈት ነው። ሰውዬው አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

በሩ አልተከፈተም።

አላንኳኳም። እጁን አላወዛወዘም። ዝም ብሎ ቆሟል... እኔን እያየ።

ፖስታ የምታድለው ሴት ስትመጣ በሩ ወዲያው ተከፈተላት። ሰውዬው ተረከዟን ሊረግጥ እስኪደርስ ተጠግቷት አብሯት ገባ። እሷ ዞራ እንኳን አላየችውም።

ወፍራም የዓሣ አጥማጅ ካፖርት ለብሷል። ትከሻው ላይ በረዶ አለ።

"ካፖርትዎን እዚያ ይስቀሉ" አልኩት። አልሰቀለም።

"የማይሬ መቀርቀሪያ ወጣ?" አለኝ።

"እንደምን ዋልሽ ማለት ቀረ?"

"የማይሬ መቀርቀሪያ ወጣ?"

"የትኛዋ ማይሬ?"

"የቫሪስኒየሚዋ።"

ቫሪስኒየሚ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የባሕር ዳር መንደር ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ፈለግሁ። "በዚህ ስም የታተመ የለም" አልኩት።

"ገና ነው" አለ። እየጠየቀኝ አልነበረም፤ እየነገረኝ ነው።

"ያልታተመን ነገር አለም የለምም አልልዎትም። ሕግ ነው።"

"መኖሩንማ አውቃለሁ። ሁልጊዜ እነካዋለሁ..." አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከውጭ በኩል።"

ዓይኔን ወደ ኮምፒውተሩ መለስኩ።

"ሲታተም ሥዕሉም ይወጣል?"

"ይወጣል።"

"ምንም አትደብቅም?"

"የደበቀ ፓተንት አያገኝም። ሙያውን የሚያውቅ ሰው አንብቦ ሊሠራው እንዲችል ተደርጎ ነው የሚጻፈው።"

"ጥሩ ሕግ ነው" አለ።

ከዚያ በጣቱ የመስታወቱን በር አሳየኝ። "የዚህስ አለ?"

በራሱ የሚከፈት በር? ሞልቷል። አትሜ ሰጠሁት። ማሞቂያው ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው።

ልንዘጋ ስንል ቀና ብዬ አየሁት።

ትከሻው ላይ ያለው በረዶ አልቀለጠም።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት መጣ። የመስታወቱ በር ሳይዘገይ ተከፈተለት።

ከዚያ በኋላ ሲጨልም ሲጨልም መምጣት ያዘ። የበር እጀታ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። የመስኮት ማጠፊያ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። የመኪና በር፣ የጓዳ ቁልፍ፣ ሕፃናት እንዳይከፍቱት የሚደረግ የመድኃኒት ቁም ሳጥን... ሁሉንም ሰጠሁት፤ የታተመ የሁሉም ነው፣ ለምን እንደፈለጉትም አልጠይቅም አልኩት። ደንበኛ ነው። ምን ልበለው?

የመጀመሪያው ሰሞን መጸዳጃ ቤቱ በር ፊት ሰው እስኪወጣ ሲጠብቅ አየው ነበር። ስለ እጀታ ካነበበ በኋላ ግን ራሱ ከፈተው። ከፈተው፣ ዘጋው። ከፈተው፣ ዘጋው። አልገባም። ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲያደርግ ቆየና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ሌሎቹ አንባቢዎች እሱ ሲመጣ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ መውጣት ጀመሩ። ለምን እንደሆነ ብትጠይቋቸው የሚያውቁ አይመስለኝም። እኔ ግን አውቄዋለሁ። ፈርቼው ነበር። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ዓይኔ ከመስታወቱ በር አይነቀልም ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት አንዲት ሴት የበረዶ ቦቲዋን እንኳን ሳታራግፍ ጠረጴዛዬ ላይ መጣችብኝ። እጇ የብየዳ ቃጠሎ የሞላበት፣ ትከሻዋ የወንድ የሚያህል ሴት ናት።

"ሂልካ አንቺ ነሽ?"

"ነኝ።"

"ወረቀቴን መልሽልኝ።"

"መጀመሪያ ወለሉን አታበላሺብኝ። የምን ወረቀት ነው?"

"የመቀርቀሪያውን። ማይሬ ነኝ።"

መታወቂያዋን ተቀብዬ መዝገቡን አየሁ። አለ። የቤት በር መቀርቀሪያ። የሚታተመው በዚያው ሳምንት አርብ ጠዋት ነው።

"እንዳይወጣ እፈልጋለሁ" አለች። "ፓተንቱንም አልፈልገውም። መብት ምናምኑን ተዉት። ብቻ አይታተም።"

"ለምን?"

ዘወር ዘወር ብላ አየች። ክፍሉ ባዶ ነበር። ያም ሆኖ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ ነው የነገረችኝ።

"ባሌ ሬይኖ በረዶ በሠራው ባሕር ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ በረዶው ተሰበረበት። አላገኙትም። ከዚያ ክረምት ጀምሮ ማታ ማታ በሬን የሚሞክር አለ።"

"ማን?"

"ማን እንደሆነ አላውቅም። ሬይኖ ግን አይደለም።" ጥርሷን ነከሰች። "መንደራችንን ታውቂዋለሽ። የሚቆልፍ የለም። ከቤቱ የወጣ ሰው መጥረጊያ በሩ ላይ ያስደግፋል፤ ያየ ሁሉ ሰው የለም ብሎ ይመለሳል። እኔም መጥረጊያውን አስደግፌ በሳውናው መስኮት ተመልሼ እገባ ነበር። እሱም መጥቶ ያያል... ይመለሳል።"

"እና?"

"እና ጎረቤቴን መንገድ ላይ አገኛት። ይሄ በር ላይ የሚደገፈው መጥረጊያ ምንድን ነው አላት። ነገረችው። ለሰው መንገር ምን ክፋት አለው?"

"ጎረቤትሽ..."

"የለችም። ቤቷ አለ፤ እሷ የለችም።"

ከዚያ ቀጠለች። "እሱ የበር ነገር በራሱ አይገባውም። ሰው ከነገረው ግን ይገባዋል። አንድ ጊዜ ከነገርሽው አይረሳም። ስለዚህ የትም የሌለ መቀርቀሪያ ሠራሁ። ከውስጥ ብቻ የሚነሣ። ከውጭ በገፋሽው ቁጥር የሚጠብቅ። እምቢ አለው።"

"ታዲያ ምን ቆርጦሽ ነው ፓተንት ያመለከትሽው?"

የተናደደችው በእኔ ሳይሆን በራሷ ነበር። "ለሌላውም ይድረስ ብዬ ነው። ፋብሪካ ይሥራው፤ ባሕሩ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ይግጠመው ብዬ ነው። ለሁሉም ሰው ሲባል... እሱም እንዳለበት አላሰብኩም።"

"ምን ይመስላል?" አልኳት። መልሱን ግን አውቄዋለሁ።

"የሬይኖን ካፖርት ለብሷል። የዓሣ ማጥመጃውን።"

ማሞቂያው ሥር ወዳለው ወንበር አየሁ። እሷም ዓይኔን ተከትላ አየች። ገባት።

"እዚህ ይመጣል" አለች።

"ይመጣል።"

"ትሰጭዋለሽ?"

"አልሰጠውም።"

አለቃዬ ኦስሞ ፎቅ ላይ ነው ያለው። ጥሩ ሰው ነው፤ ደንበኛ ሲያመሰግነው ቀኑን ሙሉ ያፏጫል። ይዣት ወጣሁ። የሄል ዳቦውን እያኘከ ሰማን። ስለ ሰውዬው አላወራንም፤ እንዳይታተም ትፈልጋለች ብቻ አልኩት።

"ጊዜው አልፏል" አለ። "ሰው ማመልከቻውን መሰረዝ የሚችለው የኅትመቱ ዝግጅት እስኪያልቅ ነው። ዝግጅቱ ካለቀ ሰነበተ።"

"ሴትየዋ ፈርታለች፣ ኦስሞ።"

"ምኑን?"

"የሚያነበውን ሰው።"

"እንግዲህ ሂልካ፣ የእኛ ሥራ ማስነበብ ነው።" ወደ ማይሬ ዞሮ ፈገግ አለላት። "አይዞሽ። ሥራሽ በዓለም ሁሉ ይታያል። ሰው ይሄን ስጠኝ ብሎ ይጸልያል።"

ማይሬ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። ኦስሞ ጆሮው ቀላ።

ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘችኝ። "አርብን ብቻ አሳልፊልኝ" አለችኝ። "እስከ ቅዳሜ ሌላ እሠራለሁ። ይሄኛውን ለማንም አልናገረውም። አርብን ብቻ።"

ማልሁላት።

አርብ ጠዋት ታተመ። ሌላ ሳልነካ መጀመሪያ እሱን አነበብኩት።

ሥዕሉ ያምራል። ሦስት ብረት ብቻ ነው፤ አንዱ ምላስ በራሱ ክብደት ይወድቃል፤ ሁለቱ ይነክሱታል። በገፉት መጠን ይጠብቃል። ማይሬ ሁሉንም ጽፋዋለች። ጉድለቱን ሳይቀር። በሩን ከታች ወደ ላይ በትንሹ አንሥቶ በቀስታ ወደ ግራ የሳበ ሰው ከውጭም ሊያስለቅቀው እንደሚችል፣ ይህ እንዲስተካከል ወደፊት መታሰብ እንዳለበት...

ሐቀኛ ሴት ናት። እንዲህ ባለ ጊዜ ሐቀኝነት ያቃጥላል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። በሩ ተከፈተለት። ቀጥ ብሎ ወደኔ።

"ወጣ" አለኝ።

"ማተሚያው ተበላሽቷል።"

"በኮምፒውተሩ አሳዪኝ።"

"እሱም ተበላሽቷል።"

"ዓይንሽ አልተበላሸም። አንብቢልኝ።"

"ሰኞ ይምጡ።"

ፊቱን ወደ ፊቴ አስጠጋ። ፊቱን ከዚያ በፊት በደንብ አይቼው አላውቅም ነበር። ሲያዩት የሰው ፊት ነው። ግን ማንን እንደሚመስል ለመናገር ብትሞክሩ ዘወር ስትሉ ይጠፋችኋል።

"የሁሉም ነው ብለሽኛል።"

"ብያለሁ።"

"ለምን እንደፈለግሁት አትጠይቂም ብለሽኛል።"

"አልጠየቅሁም። አልሰጥዎትም ነው ያልኩት።"

ጠረጴዛዬን አየ። የቤቴ ቁልፍ እዚያ ነበር። ጎንበስ ብሎ ቁልፉ ላይ የተቀረጸውን የፋብሪካ ስም እንደ ልማዱ በከንፈሩ አነበበው።

"ብቻሽን ነሽ የምትኖሪው?"

"ይውጡልኝ።"

ወጣ። ቆሜ ሲወጣ አየሁት። በሩ ሲዘጋም አየሁ። አለፈ አልኩ። አርብን አሳለፍኩላት አልኩ።

ምድር ቤት ወርጄ ዕቃ ቤቱን ቆለፍኩ። ስመለስ ኦስሞ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ እያፏጨ ነው።

"የት ጠፋሽ? አንድ ደንበኛ አስተናገድኩልሽ" አለኝ። "ቅሬታ ይዞ ቀጥታ ወደኔ መጣ። አታስተናግደኝም አለ ስለ አንቺ። ይቅርታ ጠይቄ..."

"ምን ሰጠኸው?"

"የዚያችን ሴትዮ መቀርቀሪያ ነዋ። አየሽ፣ ገና በወጣበት ቀን ፈላጊ አገኘ። ከነሥዕሉ አስረዳሁት፤ አይገባውም ነበር መጀመሪያ።"

"አስረዳኸው?"

"አንድ ሌላም ጠየቀኝ። የቤት በር ቁልፍ። የፋብሪካውን ስም እንኳን ያውቀዋል።"

ሰማያዊ ካፖርቴን እየለበስኩ ወደ መኪናዬ ሮጥኩ።

ማይሬ ስልኳን አታነሣም። መንገዱን ሁሉ ደወልኩ። ጨለማው ጥቅጥቅ ብሏል፤ በረዶው መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ቫሪስኒየሚ ስደርስ የቤቷ መብራት በርቷል። ጭስ ማውጫው ይጨሳል። ደስ አለኝ።

ከዚያ በሩን አየሁት።

መጥረጊያው ተደግፎበታል።

ማታለያዋ ነው፤ ውስጥ ናት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እሱ መጥረጊያውን ካወቀ ቆይቷል፤ እኔ ግን ያን ሰዓት ያንን ማሰብ አልፈለግሁም። በሩን ሞከርኩት። አይንቀሳቀስም። ስገፋው ይበልጥ ጠበቀ። መቀርቀሪያዋ ይሠራል።

"ማይሬ" አልኩ በሹክሹክታ። "ሂልካ ነኝ። ክፈቺልኝ። ወረቀቱን ወስዶታል።"

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

"ማይሬ... በሳውናው መስኮት ውጪ። መኪና ይዣለሁ።"

ከበሩ ማዶ አንድ ነገር ተንፏቀቀ። ከዚያ ድምፅ መጣ። ከታች ነው የመጣው፤ ሰው ወለሉ ላይ ተኝቶ አፉን ከደጃፉ ሥር ቢያስጠጋ እንደሚሰማው።

የወንድ ድምፅ ነው።

"ማይሬ የለችም" አለ። "መጥረጊያውን አላየሽም?"

እንዴት መኪናዬ ውስጥ እንደገባሁ አላስታውስም።

ከመኪናው ሆኜ የጠራሁት ፖሊስ የዚያው መንደር ሰው ነው። መጣ፤ መኪናውን አቆመ፤ መጥረጊያውን አየ።

"የለችም እኮ" አለኝና ሳያንኳኳ ወደ መኪናው ዞረ።

"መብራቱስ? ጭሱስ?"

"እመቤቴ፣ መጥረጊያ አለ" አለኝ። ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ነበር ያናገረኝ።

ጮህኩበት። ሰደብኩት። በመጨረሻ እኔን ለመገላገል ብሎ መስኮት ሰብሮ ገባ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ቤት ውስጥ ማንም የለም። የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ግማሽ የተሠራ ብረት አለ፤ ለማንም አልናገረውም ያለችው ሁለተኛው መቀርቀሪያ። ፖሊሱ ነካውና እጁን መለሰ። ገና ትኩስ ነው።

ወንበሩ ላይ የዓሣ አጥማጅ ካፖርት ተሰቅሏል። ከጫፉ ውኃ ይንጠባጠባል። በረዶው አሁን ቀልጧል።

"የማይሬስ ካፖርት የታለ?" አልኩት።

ማንጠልጠያውን አየ። ባዶ ነው።

"ይኸው" አለኝ። "ለብሳ ወጥታለቻ።"

ይህ የሆነው አርብ ነው። ዛሬ እሑድ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሆኗል፤ ይህን የምጽፍላችሁ ከቤቴ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው አፓርታማዬ ነው። ከአርብ ወዲህ ከቤት አልወጣሁም። ቁልፉን ላስቀይር ቀጥሬ ነበር፤ ሠራተኛው ሰኞ ነው የምመጣው አለ።

እንቅልፍ አልተኛሁም። ዛሬ ምሳ ከበላሁ በኋላ ግን ሶፋው ላይ ትንሽ ሸለብ አደረገኝ።

የቀሰቀሰኝ ስልክ ነው። ሄልቪ ናት፤ በሯ ከበሬ ፊት ለፊት ነው። ከባሏ ሞት ወዲህ እሑድ እሑድ አብረን ሳውና እንወርዳለን። በዚህ ሕንፃ ውስጥ የማልጣላው ከእሷ ጋር ብቻ ነው።

"አንቺ ሴት፣ የት ሄድሽ ደግሞ?" አለችኝ።

"የትም። ቤት ነኝ።"

ሳቀች። "ዛሬ ነገር ዓለሙ ጨዋታ ሆኖብሻል። አሁን ደረጃው ላይ አላየሁሽም? ሰማያዊ ካፖርትሽን ለብሰሽ?"

ከሶፋው ተነሣሁ።

"በርሽ ላይ መጥረጊያ ስታስደግፊ ሳይሽ እኮ በሳቅ ልሞት ነበር። መንደር ያለን መሰለሽ?"

"ሄልቪ... ምን አልኩሽ?"

"ምን ሆነሻል? ጉሮሮሽን ይዞሽ ነበር መሰለኝ፣ ድምፅሽ ተዘግቷል። ስለ በሬ ቁልፍ ጠየቅሽኝ። የትኛው ፋብሪካ ነው፣ ከውስጥ እንዴት ነው የምትዘጊው አልሽኝ። ነገርኩሽ። ለምን ፈለግሽው?"

ማንጠልጠያዬ ባዶ ነው፤ ሸለብ ባደረገኝ ጊዜ ገብቶ ወጥቷል።

"ሄልቪ፣ ለማንም እንዳትከፍቺ። እኔ ነኝ ብልሽም እንዳትከፍቺ።"

"ቆይ... አንድ ሰው አለ" አለችኝና ስልኩን ከጆሮዋ ስታርቅ ሰማሁ።

መስመሩ ተቋረጠ።

ወደ በሬ ሮጥኩ። ቁልፉን አዞርኩት፤ ዞረ። እጀታውን ተጫንኩት። በሩ አልተከፈተም። በትከሻዬ ገፋሁት።

ከውጭ በኩል ብረት ብረትን ነከሰ። በገፋሁ ቁጥር ይጠብቃል።

ከታች አንሥቼ ወደ ግራ ሳብኩት፤ ማይሬ እንደጻፈችው። ምንም። ያ ጉድለት ተስተካክሏል።

ፖሊስ ጋ ደወልኩ። እንመጣለን ብለዋል። የሚመጣው ማን እንደሆነ፣ በሬ ላይ ምን እንደሚያይ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ። እኔ ቤት ነኝ። መጥረጊያውን አትመኑት። ሂልካ ወጥታለች ቢሏችሁ እኔ ቤት ነኝ።

አሁን በሩ ላይ ባለችው ማያ ቀዳዳ እያየሁ ነው።

የሄልቪ በር ተከፈተ። ቀስ ብሎ።

ሄልቪ ወጣች። ቀዩን ካፖርቷን ለብሳለች፤ ኮፍያዋን እስከ ዓይኗ አውርዳዋለች። በጀርባዋ በኩል፣ ክፍት በሆነው በር፣ ሰማያዊ ካፖርቴ ወለሉ ላይ ተጥሎ ይታየኛል። ዙሪያው ውኃ ተጠራቅሟል።

በሩን ዘጋችው። መጥረጊያ አንሥታ፣ እንዳይወድቅ አስተካክላ፣ በቀስታ በሩ ላይ አስደገፈችው።

ሄልቪ ዛሬ ከሕንፃው አልወጣችም።

ትከሻዋ ላይ በረዶ አለ።